ማሽኑ መቼ ይጩህ?

የጤነኛ ፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል። ይህን ቁጥር ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ፍኖተ ሰላም የምትሠራ አዋላጅም፣ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ብርኖ ከተማ የሚሠራ ሐኪምም አሳምረው ያውቁታል። ልዩነቱ የሚመጣው ምቱ ሲዛባ ነው። ብርኖ ላይ የምጡ አልጋና የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ያሉት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው የወምበርማ ገጠር፣ ወይም ሽቅብ ወደ ጮቄ በሚወጣው የደጋ ዳሞት ቀበሌ ግን በመካከሉ ብዙ ነገር አለ፤ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረምሶች፣ ክረምት ከሆነ የሞላ ወንዝ፣ የጠጠሩ መንገድ ዳር ቆሞ አምቡላንስ መጠበቅ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያው ደግሞ «ሪፈር» ወደ ሆስፒታል።

ስለ ልብ ምትና ስለ ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ከመረጃ ስለሚማር ማሽን፣ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይህን መንገድ አያየውም። ክርክሩ ሁሉ ማሽኑ ከመቶ ስንቱን በትክክል ይለያል የሚለው ላይ ነው። እኔ ግን በምዕራብ ጎጃም ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው ባይ ነኝ፤ ማሽኑ የሚያውቀውን ነገር ምን ያህል ቀደም ብሎ ያውቀዋል? ልክ ሆኖ የዘገየ ማንቂያ እዚህ አገር ለማንም አይጠቅምም። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን መናገር ለምን እንዳስፈለገ ወደ ኋላ ይገለጣል።)

ከጆሮው እንጀምር። በ1818 በእናት ሆድ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የፅንስ ልብ መስማቱን ያስታወቀው ፍራንሷ ማዮር የሚባል የጄኔቭ ሐኪም ነበር። በ1895 ደግሞ ፈረንሳዊው አዶልፍ ፒናርድ ጡሩንባ የመሰለች አጭር የማዳመጫ መሣሪያ ሠራ። ዛሬም በጤና ጣቢያዎቻችን የምትገኘው እሷው ናት፤ አንዷ ከእንጨት፣ ሌላዋ ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራች። አዋላጆቹ ፌቶስኮፕ ይሏታል። ባትሪ አትፈልግም፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የላትም። አዋላጇ በእጇ ዳብሳ የፅንሱን ጀርባ ታገኛለች፣ መሣሪያዋን እዚያ ላይ ትተክላለች፣ ጆሮዋን ደፍታ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ታደርጋለች። ምጥ የጠናባትን እናት «አይዞሽ እህቴ፣ ትንሽ ብቻ ታገሺኝ» እያለች ትቆጥራለች። በዚያው ቅጽበት የእናትየውን የደም ሥር መያዝም ይጠበቅባታል። በማማጫው ሰዓት የእናት ልብ በጣም ስለሚፈጥን የእሷን ምት የፅንሱ ነው ብሎ መሳሳት ይቻላል፤ ከሁሉም የከፋው ስህተት ደግሞ ይኸው ነው፤ የሞተ ፅንስ በሕይወት ያለ ይመስላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ምጡ ሲፋፋም በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ማማጥ ሲጀመር በየ5 ደቂቃ እንዲደመጥ ነው፤ በእያንዳንዱ ጊዜም ቢያንስ አንድ ደቂቃ። ሌሊት ብቻዋን ተረኛ ለሆነችና ሦስት የሚያምጡ እናቶችን ለያዘች አዋላጅ ይህን ማሟላት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስላው።

በ1960ዎቹ ካርዲዮቶኮግራፍ፣ በአጭሩ ሲቲጂ፣ የተባለው መሣሪያ መጣ። በድምፅ ሞገድ አማካይነት የፅንሱን ልብ፣ ከጎኑ ደግሞ የማሕፀኑን መኮማተር ያለማቋረጥ ይመዘግባል። በኋላ የምመለስበት፣ ብርኖ ላይ የተሰበሰበው መረጃ በሰከንድ 4 ጊዜ የተወሰደ ነው። በአንድ ሰዓት 14,400 ቁጥር ማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ከምታዳምጥ አዋላጅ በዚያው ሰዓት የሚገኘው 2 ቁጥር ነው።

14,400ው ምን ይነግረናል? ማሕፀን በተኮማተረ ቁጥር ወደ ፅንሱ የሚሄደው ደም ለጊዜው ይቀንሳል። ጤነኛ ፅንስ ያንን ደቂቃ ባጠራቀመው ኦክስጅን ያልፈዋል። ደግሞም የጤነኛ ፅንስ ልብ አንድ ወጥ ሆኖ አይመታም። የሚያፈጥኑትና የሚያቀዘቅዙት ነርቮች ሲጓተቱ ምቱ በደቂቃ ከ5 እስከ 25 ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፣ ይርገበገባል። እንቅስቃሴው ጠፍቶ መስመሩ ዝርግ ሲሆን፣ ወይም ከእያንዳንዱ መኮማተር በኋላ ምቱ ዘግይቶ ወርዶ ዘግይቶ ሲመለስ ሐኪም ይደነግጣል። እዚህ ላይ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ ይህ መርገብገብ በፌቶስኮፕ አይሰማም። ጆሮ ይቆጥራል እንጂ በሁለት ምቶች መካከል ያለችውን የሰከንድ ቅንጣት አይለካም። ስለዚህ ከብርኖ መረጃ የተማረ ማሽን በዋናነት የሚመካበት ምልክት ቡሬ ገጠር ባለ ጤና ጣቢያ መዝገብ ውስጥ ጨርሶ የለም።

ማሽን ለርኒንግ ሲባል የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከገበያ የራቀ አይደለም። የፍኖተ ሰላም በርበሬ ነጋዴ እፍኝ ዛላ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቅነቅ ያደርግና ፍሬው ሲንኮሻኮሽ ደርቋል ይላል። ደንቡን ማንም ጽፎ አልሰጠውም። ብዙ ጆንያ ገዝቶ፣ የትኛው እንደሻገተ የትኛው እንደከረመ አይቶ ነው ጆሮው የሰላው። ማሽኑም የሚማረው እንዲሁ ነው። ብዙ የልብ ምት መዝገብ ይሰጠዋል፤ ከእያንዳንዱ መዝገብ ጋር ደግሞ መጨረሻው፣ ማለትም ሕፃኑ ምን እንደሆነ ይነገረዋል። ስሌቱን ደጋግሞ እያስተካከለ ከምቱ ወደ መጨረሻው የሚወስደውን መንገድ ይፈልጋል። የስሌቱ ዓይነት ብዙ ነው፤ አሁን ፋሽኑ የነርቭ መረብ ነው፣ ነገ ሌላ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ስሌቱ ሳይሆን «መጨረሻው» የተባለው ነገር ነው።

ከኢንተርኔት በነፃ ከሚወርዱት መረጃዎች ሁሉ ታዋቂው ከፖርቱጋል የመጣው ነው፤ 2,126 የሲቲጂ መዝገቦች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 1,655ቱ ጤነኛ፣ 295ቱ አጠራጣሪ፣ 176ቱ አደገኛ ተብለው ተመድበዋል። በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌለው የመመረቂያ ጽሑፍ ተጽፎበታል፤ ከመቶ 95 በላይ አገኘሁ የሚለውም ብዙ ነው። ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። አንደኛ፣ ምንም ሳይማር ሁሉንም «ጤነኛ ነው» የሚል ማሽን እዚህ መረጃ ላይ ከመቶ 78 ያገኛል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ምድቡን የሰጡት ወረቀቱን ያዩ ሦስት ሐኪሞች ናቸው፤ ሕፃኑ በኋላ ምን እንደሆነ በምድቡ ውስጥ የለም። ሐኪሞች ደግሞ አንድ ዓይነት የሲቲጂ ወረቀት አይተው እንደማይስማሙ የታወቀ ነው፤ ያው ሐኪም ያንኑ ወረቀት በሌላ ቀን ሲያይ ከራሱ ጋርም ላይስማማ ይችላል። ማሽኑ የተማረው እንግዲህ የሦስት ሰዎችን አስተያየት መገመት ነው።

የብርኖው መረጃ ከዚህ ይሻላል። ከ2010 እስከ 2012 ከተወለዱ ሕፃናት የተመረጡ 552 መዝገቦች ሲሆኑ፣ ከእያንዳንዱ ጋር ከእትብቱ ደም የተለካ የአሲድነት ልኬት (ፒኤች) አለ። ፅንሱ በኦክስጅን እጥረት ሲታፈን ደሙ ይኮመጥጣል፣ ልኬቱም ይወርዳል፤ ይህ የሰው አስተያየት አይደለም። ችግሩ በእርግጥ የታፈኑት ጥቂት መሆናቸው ነው። ለመለያ ከሚያገለግለው 7.05 በታች የወረዱት 50 እንኳ አይሞሉም። ከ50 ባነሰ ምሳሌ አደጋን መማር ለሰውም ይከብዳል።

ጉዳዩ በሰፊው የተፈተነው በብሪታንያና በአየርላንድ ነው። ኢንፋንት የተባለው ጥናት ከ46 ሺህ በላይ እናቶችን ለሁለት ከፈለ፤ የግማሾቹን ሲቲጂ ኮምፒውተር እየተከታተለ ሲያሰጋው እንዲያስጠነቅቅ ተደረገ፣ የሌሎቹን ባለሙያዎች ብቻ አዩት። በ2017 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት ለቴክኖሎጂው ወዳጆች መራራ ነበር፤ ክፉ ነገር የደረሰባቸው ሕፃናት በሁለቱም ወገን ከመቶ 0.7 ሆኑ። (ያ ኮምፒውተር በአመዛኙ በሰው እጅ በተጻፈ ደንብ የሚሠራ ነበርና ከመረጃ የሚማሩት የዛሬዎቹ ማሽኖች ይሻላሉ የሚል ክርክር አለ። ይሻሉ ይሆናል፤ ማሳየቱ ግን የባለ ክርክሩ ዕዳ ነው።) ከዚህ የምወስደው ነገር ቢኖር፣ ባለሙያውም ቀዶ ሕክምናውም ቅርብ በሆነበት ቦታ ማሽኑ የሚጨምረው ትንሽ መሆኑን ነው። እኛ ዘንድ ሊጨምር የሚችለው ምናልባት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ዓይነት ማሽን ሆኖ።

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ እንምጣ። በምዕራብ ጎጃም ጤና ጣቢያዎች ማሽን የሚማርበት የልብ ምት መረጃ አለ ከተባለ ያለው ፓርቶግራፉ ላይ ነው፤ የምጡ ሂደት በነጥብና በመስመር የሚሳልበት ወረቀት። እነዚህን ወረቀቶች ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጠባዮች አሏቸው።

ሥራ የበዛባት አዋላጅ ሙሉ ደቂቃ ቆጥራ አትጨርስም፤ 15 ሰከንድ ትቆጥርና በ4 ታባዛለች። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 132፣ 136፣ 140፣ 144 ይሞላል፤ 137 ወይም 141 አይታይም። አንዲት ምት ካመለጠቻት መዝገቡ በ4 ይሳሳታል። ይህ ይታረማል፤ ማሽኑ ቁጥሩ ሸካራ መሆኑን እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል። የማይታረመው ሌላው ነው። ፓርቶግራፍ እናትየዋ ከወለደች በኋላ እንደሚሞላ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሐቅ ነው። ስንፍና አይደለም፤ ምጥ በሚፋፋምበት ሰዓት እጅ ወረቀት አይዝም። ግን መጨረሻው ከታወቀ በኋላ የተሞላ ወረቀት መጨረሻውን ይዞ ይመጣል። ልጁ በደኅና ከተወለደ ምቱ በ140 አካባቢ ተስተካክሎ ይሰለፋል፤ ካልተወለደ ደግሞ የሚጽፈው ሰው ይጠነቀቃል። ማሽኑ ከዚህ ሲማር የሚማረው የፅንሱን ልብ ሳይሆን የጸሐፊውን ልብ ነው። በፈተና አንደኛ ይወጣል፣ በሥራ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ ሰዓቱ። የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት በመሣሪያው ላይ 3 ሰዓት ነው። መዝገቡ በአገር ሰዓት፣ የመሣሪያው ማህደረ ትውስታ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነና ሁለቱ ሳይታረቁ ከተቀላቀሉ፣ ምቱ የወረደው ልጁ ከመወለዱ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም ከተወለደ ከ6 ሰዓት በኋላ ይመስላል። ቀኑም እንዲሁ፤ ዓመቱ በ7 ወይም በ8 ይለያያል፤ ጳጉሜን የሚባል ወር የመሣሪያው ፋብሪካ አያውቅም። ወደ ኋላ ይገለጣል ያልሁት ይህ ነበር። ውጭ አገር በተጻፈ በማንኛውም የማሽን ለርኒንግ መማሪያ ውስጥ የማይገኝ፣ ግን መረጃውን በሙሉ ሊያበላሽ የሚችል ችግር ነው።

ሌላም ጥያቄ ከፍታው ያመጣል። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ያልፋል። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል በ2002 ባሳተመችው ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ አምባራስ በተባለ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ የሚኖሩ ሰዎችን ለክታ፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንም ሆነ የኦክስጅን ይዘቱ በዝቅተኛ ስፍራ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ አሳይታለች። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ይበዛል፤ የቲቤቶች ደም ኦክስጅኑ ያንሳል፤ የእኛዎቹ ከሁለቱም ይለያሉ። የጎጃም ፅንስ ልብ ሌላ ነው ማለቴ አይደለም። ሜዳ ላይ ከሚኖሩ እናቶች የተማረ ማሽን «ይህ ጤነኛ ነው» ሲል ያንን ቃል እዚሁ ሳይፈትኑ መቀበል አይገባም ማለቴ ነው።

እንግዲህ የሐሰት ማንቂያውን ሒሳብ እናስላ። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 ምጦች በ20ው ፅንሱ በእርግጥ ይታፈናል እንበል። ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ ከታፈኑት ከመቶ 90ውን ይይዛል፣ ከጤነኞቹም ከመቶ 90ውን በትክክል ይተዋል። ከ20ው 18ቱን ያገኛል፤ ከ980 ጤነኞች ግን በ98ቱ ላይ ይጮኻል። ከ116 ጩኸት እውነቱ 18 ነው። ከተማ ውስጥ የሐሰት ማንቂያ ዋጋው ጥቂት ድንጋጤና አንዳንድ አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ነው። በወምበርማ ግን 98 እናቶች በምጥ ላይ ሳሉ በአምቡላንስ ይንገላታሉ፤ የወረዳው ነዳጅ ያልቃል፤ አምቡላንሱ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆኖ ሳለ ደም የሚፈሳት ሌላ እናት ትጠራለች። ከዚያ በኋላ አዋላጇ ማሽኑን አጥፍታ ትሠራለች፤ እኔም ብሆን አጠፋዋለሁ።

መፍትሔውን የሚያሳየኝ ማሽን ሳይሆን ያው ፓርቶግራፍ የሚባለው ወረቀት ነው። በ1972 በዛሬዋ ዚምባብዌ ሁለት ሐኪሞች፣ ፊልፖትና ካስል፣ በየገጠሩ ያሉ አዋላጆች እናትን መቼ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላክ እንዳለባቸው ግራ ሲገባቸው አይተው በምጥ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጨመሩ። የመጀመሪያው የማንቂያ መስመር፣ ሁለተኛው የእርምጃ መስመር ይባላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 4 ሰዓት ነው። ያ 4 ሰዓት መንገዱ ነው። ምጡ የመጀመሪያውን መስመር ሲያልፍ እናትየዋ ትነሣለች፤ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቀድሞውኑ ሐኪም ፊት ናት። ወረቀቱ የዓለም ጤና ድርጅት መሣሪያ ሆኖ በየአገሩ ተሠራጭቷል። አስቀድሞ መንገዱን የለካ፣ ቀጥሎ ምጡን የለካ ስሌት ነበር፤ ዛሬ የሚሠሩት ማሽኖች ግን ይህን ያህል እንኳ አላሰቡትም።

በዚህ ዓይን ከታየ ለቡሬ የሚሆነው ማሽን ምን እንደሚመስል መናገር ይቻላል። «ፅንሱ አሁን ታፍኗል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ያንን ሲያውቅ መሽቷል። ጥያቄው «ከዚህ እስከ ሆስፒታል ባለው የመንገድ ጊዜ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ይሆን?» ነው። ለዚህ ደግሞ የልብ ምት ብቻውን ደካማ ምስክር ነው፤ ምቱ ብዙውን ጊዜ የሚዛባው አደጋው ሲቃረብ ነውና። የማሕፀን በር የሚከፈትበት ፍጥነት፣ የመጀመሪያ ልጅ መሆኑ፣ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና መውለዷ፣ የእንሽርት ውሃው ቀለም፣ የእናትየዋ ደም ግፊት፣ እነዚህ ቀድመው ይናገራሉ። የመንገዱ ርዝመት ራሱ በስሌቱ ይገባል። ከፍኖተ ሰላም ደጃፍ ላለች እናት ማሽኑ ይታገሣል፤ ወምበርማ ውስጥ ከሽንዲ ወዲያ ላለች ቶሎ ይጮኻል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ከጥር ይልቅ ይቸኩላል፤ የፈጣም ወንዝ ሲሞላ የአንድ ሰዓት መንገድ የግማሽ ቀን ይሆናል።

የመሣሪያው ጉዳይ ብዙ አያስቸግርም። በታንዛኒያ የተሞከረው «ሞዮ» የተባለው የኖርዌዩ ላርዳል መሣሪያ በእናትየዋ ሆድ ላይ ታስሮ የፅንሱን ምት ይከታተላል፤ ጣቶቿን ስታሳርፍበት የእሷንም ለይቶ ያሳያል፤ ከላይ ያነሣሁት አስፈሪ ስህተት በዚህ ይቀንሳል። በጓቲማላ ደጋ ደግሞ የኢሞሪ ዩኒቨርሲቲው ጋሪ ክሊፈርድና ባልደረቦቹ ማንበብ ለማይችሉ የማያ ልማዳዊ አዋላጆች በሥዕልና በድምፅ የሚመራ የስልክ መተግበሪያ ሠርተዋል፤ ዶፕለር የተባለ ርካሽ የልብ ምት ማዳመጫ ከስልኩ ጋር ይያያዛል። እዚያ ማሽን ለርኒንግ ከተመደቡለት ሥራዎች አንዱ በጣም ትሑት ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ጥራት አለው ወይስ እንደገና ይቀዳ? ይህን ትሕትና እወድደዋለሁ። አዋላጆቹም ከንድፉ ጀምሮ ነበሩበት። ለእኛ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ ኔትወርክ ይሥራ። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስሌቱ አዲስ አበባ ወይም ደብሊን ያለ ኮምፒውተር ላይ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ወራት ድዳ ይሆን ነበር።

ርቀቱን ያለ ማሽን ማሳጠርም እንደሚቻል መዘንጋት የለበትም። በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል በ1976 የተከፈተው የእናቶች ማቆያ እናቶች ምጥ ሳይጀምራቸው መጥተው የሚጠብቁበት ቤት ነው፤ መሰሉ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ይታያል። ጤና ኬላ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቀሩትን ቀናት ቆጥራ ነፍሰ ጡሯን እዚያ እንድትገባ ከገፋፋች፣ የ4 ሰዓቱ መስመር ራሱ አያስፈልግም። ጤና ተቋም መድረስ ብቻውን ግን አይበቃም። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2016 ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደረሱ። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ሕፃናት ግን በመጀመሪያው ጥናት ከ1,000 29፣ በሁለተኛው 33 ናቸው። ጨመረ ለማለት ባያስደፍርም ቀነሰ ማለት ግን አይቻልም። ከበር ከገባች በኋላ የሚሆነው ነገር ገና ነው፤ የልብ ምት መከታተልም ከዚያ አንዱ ነው።

የሚቀረው «መጨረሻው» ነው። አንዲት አዋላጅ እናትን ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ስትልክ የሪፈር ወረቀት ትጽፋለች። የወረቀቱ አንድ ክፍል ለመልስ የተተወ ነው፤ ሐኪሙ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንዳደረገ፣ ሕፃኑ እንዴት እንደሆነ ሞልቶ ለላኪው ጤና ጣቢያ የሚመልሰው። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል፤ አዋላጇም የላከቻት እናት ወልዳ ይሁን ሞታ የምትሰማው፣ ከሰማች፣ ከዘመድ ወይም ከአምቡላንስ ሾፌሩ ነው። ለምዕራብ ጎጃም የልብ ምት ማሽን ልሥራ የሚል ሰው ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት እነዚያን ወረቀቶች ወደ ጤና ጣቢያው የሚያመላልስ ሰው ይቅጠር፤ ደመወዙም ከፕሮጀክቱ በጀት የመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ።